ወደ ሉክሰምበርግ በድብቅ

አውሮፕላን የሚፈራ ሰው አለ፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ቀበቶዬን እንዳሰርኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። እኔ የምፈራው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ፓስፖርቱ የት ገባ፣ ምድጃው ጠፍቷል ወይ፣ ሻንጣው ይከብድ ይሆን፣ ትኬቱ ላይ ስማችን ልክ ነው ወይ፣ ታክሲው ቢቀርስ። ትኬት ከቆረጥኩበት ቀን ጀምሮ ምግብ አይበላልኝም። ሚስቴ ሰብለ ይህን አመሌን ስለምታውቅ “አንተ ገበያ ስትሄድም ተናዝዘህ ነው” ትለኛለች። ማጋነኗ ነው። ተናዝዤ አላውቅም፤ ሐሳቡ ግን መጥቶብኝ ያውቃል።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ቆርጦት ለሽርሽር ይነሳል ትሉ ይሆናል። ጥፋቱ ለንደን ውስጥ ያለው የፓርክ ሮያል የፋብሪካ ሰፈር ነው። እዚያ አንድ ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ፤ ዳቦ በፊቴ ሲያልፍ እያየሁ እውላለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሉክሰምበርግ ደርሶ መጣና፣ አገሪቱ እጅግ ትንሽ እንደሆነች፣ አውቶቡሱም ባቡሩም በነጻ እንደሆነ ምሳ ላይ አጫወተን። ሌሎቹ በነጻው አውቶቡስ ተገረሙ። እኔን የማረከኝ ግን ትንሽነቷ ነው። ለፈሪ ሰው ትልቅ አገር ምን ያደርግለታል? እዚያ ብጠፋ እንኳ ቶሎ እገኛለሁ ብዬ አሰብኩ።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እኔና ሰብለ እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ለራሳችን ብለን የትም ሄደን አናውቅም። በርሚንግሃም የሄድነው ለሠርግ ነው፣ ሊድስ ለክርስትና፣ ማንችስተር ለለቅሶ። ሰብለ እንግሊዝን የምታውቀው በአዳራሽ አዳራሹ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ያልጠራን ቦታ ልወስዳት ፈለግሁ።

እሷ ግን ገና የአገሩን ስም ስጠራላት “አይሆንም” አለች። ምክንያቷን አውቀዋለሁ። እናቷ እማማ ጥሩወርቅ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ሰብለ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ሥራ ቦታም ብትሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን፣ ስልኩ ከእጇ አይለይም።

“እማዬ አንድ ነገር ብትሆንና እዚያ ሆቴል ውስጥ ብሰማስ?” አለችኝ። “አንድ የማውቀው ሰው በሌለበት አገር ከማን ጋር ነው የማለቅሰው?”

“እኔ የለሁም እንዴ?”

“አንተማ ከእኔ በፊት ነው የምትወድቀው።”

የሆነ ሆኖ ለምኜ፣ አኩርፌ፣ እንደገና ለምኜ፣ በመጨረሻ እሺ አለች፤ ከአርብ እስከ እሁድ። አንድ ነገር ግን አስማለችኝ፤ ተመልሰን እስክንመጣ ማንም እንዳይሰማ። “እናቷ ታማ እሷ አውሮፓ ትዞራለች ይሉኛል” አለች። ይህ አንዱ ነው። ሌላውን ምክንያት እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሐበሻ መንገደኛ ካየ ዕቃ ይልካል። ሉክሰምበርግ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ያለ ከመሰላችሁ፣ እሄዳለሁ ብላችሁ አንድ ጊዜ አውሩና እዩት። በማግስቱ በርበሬው፣ ጭኮው፣ የሕፃን ልብሱ፣ “ትንሽዬ ናት” እየተባለ ሳሎናችሁን ይሞላዋል። እኛ የቆረጥነው ትኬት ደግሞ ከአንዲት የእጅ ሻንጣ በላይ አይፈቅድም።

እንግዲህ ምስጢር መጠበቅ ጀመርኩ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ከባድ ሥራ ነው። ሌላው ሰው ዝም ይላል፣ በዚያው ያልቃል። እኔ ዝም ስል ፊቴ ያወራል።

የመጀመሪያው ችግር እድሩ ነበር። የለንደኑ እድራችን ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ይሰበሰባል፤ እኔ ደግሞ ጸሐፊው ነኝ። ጸሐፊ ደግሞ ዝም ብሎ ከስብሰባ አይቀርም። ስለዚህ ከሥራ እንደወጣሁ፣ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ ሊቀመንበራችን ጋሽ መኩሪያ ቤት፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ድረስ ሄድኩ። በስልክ መንገር ይቻል ነበር። ግን ጋሽ መኩሪያ በስልክ “ወዴት ልትሄዱ ነው?” ቢሉኝ መዋሸት አልችልም። ፊት ለፊት ደግሞ ጭራሽ አልችልም፤ ይህ ትዝ ያለኝ በራቸውን ካንኳኳሁ በኋላ ነው።

“ጋሽ መኩሪያ፣ የፊታችን እሁድ እኔና ሰብለ ስብሰባው ላይ አንገኝም” አልኳቸው።

“ምነው ልጄ፣ ደህና አይደላችሁም?”

“የቤተሰብ ጉዳይ ነው።”

“ከአገር ቤት?”

ምን ልበል? አንገቴን ደፋሁ። “እባክዎን፣ እዚህ መምጣቴን ሰብለ እንዳትሰማ። አደራ” አልኩ።

ጋሽ መኩሪያ ከወንበራቸው ተነሱ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው “ገብቶኛል” አሉ። እኔም እንዴት ያሉ አስተዋይ ሽማግሌ ናቸው እያልኩ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

እናንተ መቼም የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። እናቱ የሞተችበት ሰው ነገሩን የሚሰማው ከሁሉ መጨረሻ ነው። አስቀድሞ ዘመድ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ እድር ይሰማል፤ ቀን ይቆረጣል፣ ምግብ ይሠራል። ከዚያ አንድ ቀን በማለዳ፣ ሰውየው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ሽማግሎች በሩን ያንኳኳሉ። ታዲያ ፊቱ የገረጣ ባል ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ ከአገር ቤት ነው ወይ ሲሉት አንገቱን ደፍቶ፣ ሚስቴ እንዳትሰማ ብሎ ሲለምን፣ ጋሽ መኩሪያ ምን ሊገባቸው ይችላል? ሰብለ አገር ቤት ከእናቷ በቀር ማን አላት? እማማ ጥሩወርቅ ሞተዋል። ማጣራት ነበረባቸው ትሉ ይሆናል፤ ግን የነገራቸው ራሱ የእድሩ ጸሐፊ ነው። ይህ ሁሉ ለእናንተ ግልጽ ነው። ለእኔ ግን ያኔ ከቶ አልታየኝም። እኔ የማስበው የሻንጣውን ክብደት ነበር።

ቀጥሎ እትዬ አልጋነሽ አሉ፤ ቶተንሃም በምንኖርበት ሕንፃ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ሰብለን እንደ ልጃቸው የሚያዩ ሴት። ሰብለ በረንዳችን ላይ ጤና አዳም ተክላለች። ዘሩን እናቷ ናቸው በጨርቅ ቋጥረው የላኩላት። በዚህ ብርድ ሳይደርቅ የከረመው እሷ እንደ ልጅ ስለምታባብለው ነው። ያንን የሚያጠጣ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰብለ ሳታይ የቤታችንን ቁልፍ ይዤ ወረድኩ።

“ከአርብ እስከ እሁድ ጤና አዳሙን ያጠጡልን። ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቁኝ።”

ያን ሰሞን የአበባ ብናኝ ዓይኔንም አፍንጫዬንም ይዞኝ ስለነበር እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። በመሐረብ ጠረግሁት። እትዬ አልጋነሽ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ለካ ጋሽ መኩሪያ ቀደም ብለው ደውለውላቸው ኖሯል። “አይዞህ” አሉኝ። “አንተ ጠንከር ማለት አለብህ። የሚብሰው ለእሷ ነው።” ለሦስት ቀን ሽርሽር ይህን ያህል መጽናናት ለምን እንዳስፈለገ ትንሽ ገረመኝ። ግን ጭንቀቴን የሚረዳልኝ ሰው ማግኘቴ ደስ አሰኝቶኝ አመስግኜ ተመለስኩ።

ቁልፉን በሰጠሁ በሁለተኛው ቀን ሰብለ ከቤተ ክርስቲያን ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል።

“ለሰው ነግረሃል” አለችኝ።

“ኧረ በጭራሽ።”

“ታዲያ ሴቶቹ ምን ሆነው ነው? አንዷ አንገቴን አቅፋ አለቅም አለች። ሌላዋ ዓይን ዓይኔን እያየች ታለቅሳለች። ምግብ ብዪ እንጂ፣ ሰውነትሽ እንዳይጎዳ ይሉኛል።”

“ሉክሰምበርግ መቼም ይህን ያህል የሚያስለቅስ አገር አይደለም” አልኳት። እሷም ይህን አስባ ይሁን ተስፋ ቆርጣ፣ ነገሩን ተወችው።

ረቡዕ ዕለት ሥራ ላይ እያለሁ ጋሽ መኩሪያ ደወሉ።

“መቼ አሰብክ?” አሉኝ በዝግታ።

ሰምተዋል ማለት ነው። መካድ አቃተኝ። “አርብ፣ ሊነጋጋ ሲል ከቤት እንወጣለን” አልኩ።

“ከመውጣታችሁ በፊት እንደርሳለን። ብቻህን አንተውህም።”

“እናንተ እነማን ናችሁ?”

“ወንዶቹ አሥር እንሆናለን፤ ሴቶቹም አሉ። ምግቡን እነሱ ይዘዋል፣ አንተ አታስብ። ወንበርም እናመጣለን።”

“ወንበር?”

“የእናንተ አይበቃማ። ሦስቱንም ቀን አብረናችሁ ነን።”

ስልኩን ስዘጋ ስንት ሳንድዊች ሳልነካው እንዳለፈ አላውቅም። አለቃዬ መጥቶ ምን ሆነሃል አለኝ። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። እድሩ በሙሉ ድስትና ወንበር ተሸክሞ፣ በእኔና በሰብለ መሪነት፣ ሉክሰምበርግ ሲገባ። ትኬት መቼ ቆረጡ? ወንበሩን አውሮፕላን ውስጥ የት ሊያደርጉት ነው? ያቺ ትንሽ አገርስ ትችለናለች? ሰዎቹ አውቶቡሱን በነጻ ያደረጉት እኛን ሳያዩ ነው። ለሰብለ ልንገራት አልኩ፤ ከነገርኳት ግን ትቀራለች። መልሼ ጋሽ መኩሪያ ጋ ደወልኩና “ባትደክሙ ምናለ፣ ይቅርባችሁ” ብዬ ለመንኳቸው። “እንዲህ አይባልም” ብለው ተቆጡኝ። “ሰው ለመቼ ሊሆን ነው?”

ሐሙስ ሰብለ ሻንጣ ስታዘጋጅ አጠገቧ ቆሜ እቁነጠነጣለሁ። ለሁለት ሌሊት ሽሮ ከታ ነበር። ሆቴሉ ቁርስ ይሰጣል ብላት፣ የሚሰጡንን አይተኸዋል ወይ አለችኝ፤ አላየሁትም። ከዚያ አንዲት የገለባ ባርኔጣ ከከረጢት አወጣች፤ ቀይ ጥብጣብ ያላት። መቼ እንደገዛቻት አላውቅም። መስተዋት ፊት አድርጋት ወዲያና ወዲህ ስትል፣ በራሷ ሳቀች። ያንን ሳቅ ሳይ አሥር ወንበር ቢመጣም አልቀርም አልኩ በሆዴ።

አርብ ማለዳ ሻንጣው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ፓስፖርቶቹን ከኪሴ አወጣሁ፣ መለስኩ፣ እንደገና አወጣሁ። ሰብለ መኝታ ቤት ከንፈሯን ትቀባለች። ደወሉ ጮኸ። ታክሲው ነው ብዬ ከፈትኩ።

ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ በጥቁር ካፖርትና በጥቁር ክራባት። አጠገባቸው እትዬ አልጋነሽ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ደረጃው እስከ ታች በሰው ተሞልቷል፤ ድስት የያዘ አለ፣ ታጣፊ ወንበር በብብቱ ያደረገ አለ፣ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። እኔ ግን ያየሁት ወንበሮቹን ነው።

“ትኬት ይዛችኋል?” አልኩ በሹክሹክታ።

ጋሽ መኩሪያ አልመለሱልኝም። በትከሻዬ አሻግረው ያያሉ። ዞር ስል ሰብለ ከነባርኔጣዋ ቆማለች።

በማለዳ በር ላይ የቆመ ጥቁር ልብስ ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰብለ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። “እማዬን” አለች፤ ከዚያ እዚያው ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ድስታቸውን መሬት አስቀምጠው ገቡና አቀፏት፤ ቤቱ በለቅሶ ተሞላ።

የእኔን ጉድ ስሙ እንግዲህ። እኔም አመንኩ። ጋሽ መኩሪያ አንድ ነገር ሰምተው ቢሆን ነው እንጂ ይህ ሁሉ ሰው በዚህ ማለዳ እንዴት ይመጣል? ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ፤ እማማ ጥሩወርቅን እወዳቸው ነበር። እያለቀስኩ የጋሽ መኩሪያን እጅ ያዝኩና “መቼ ነው ያረፉት?” አልኳቸው።

ጋሽ መኩሪያ ለቅሷቸውን አቆሙ። “እኔን ነው የምትጠይቀኝ?”

“ታዲያ ማንን ልጠይቅ?”

“አንተ አይደለህም እንዴ ቤቴ ድረስ መጥተህ የነገርከኝ?”

“እኔ የነገርኩዎት እሁድ እንደማንመጣ ነው። ሉክሰምበርግ ልንሄድ ስለሆነ።”

“ሉክሰምበርግ ማን ሞተ?”

“ማንም። ለሽርሽር ነው።”

ጋሽ መኩሪያ ወደ ኋላ ዞረው ለአንዱ ነገሩት፤ እሱም ከኋላው ላለው ነገረ። ለቅሶው ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ ሲቆም ይሰማኛል። ሰብለ ግን አላመነችም። መርዶ ሲነገር መጀመሪያ “ትንሽ አሟቸው ነው” እንደሚባል ታውቃለች። ለእናቷ ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። ደግማ ደወለች። አሁንም የለም። ለቅሶ አቁመው የነበሩት ሴቶች ቀስ እያሉ እንደገና ጀመሩ። ታች ታክሲው ጥሩንባውን ይነፋል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እስከዚያች ቀን ድረስ ስለ ፓስፖርትና ስለ ሻንጣ የተጨነቅሁት ሁሉ ጨዋታ እንደነበር ያኔ ገባኝ። የሚስቴን ፊት ማየት አቃተኝ።

ስልኩ ጮኸ።

“ምነው በጠዋቱ እንዲህ ትነዘንዙኛላችሁ? ኪዳን ላይ አይደለሁም እንዴ?” አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

ሰብለ ስልኩን ጉንጯ ላይ አጥብቃ ትንሰቀሰቃለች። ሴቶቹም አሁን በደስታ ያለቅሳሉ፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

“ምንድን ነው የምሰማው? ማነው የሞተው?”

እትዬ አልጋነሽ ስልኩን ተቀብለው ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረጉት። “እርስዎ ነዎት እማማ” አሉ።

“ስንት ሰው መጣ?” አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

እትዬ አልጋነሽ ወደ ደረጃው ተመለከቱ። “ከሃያ አያንስም።”

“በሥራ ቀን? በዚህ ማለዳ?”

“ሊቀመንበሩማ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው የመጡት። ምግቡም ወንበሩም ተሟልቷል።”

እማማ ጥሩወርቅ ይህን ሰምተው ሲናገሩ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። “ሰብልዬ፣ ትሰሚኛለሽ? እኔ መሞቱን አልፈራም። የምፈራው ልጄ በሰው አገር ብቻዋን ቁጭ ብላ ታለቅሳለች ብዬ ነው። ለካስ ሰው አለሽ። በይ እህሉ እንዳይበላሽ አብያቸው፤ እኔም ኪዳኑ ሊያመልጠኝ ነው።”

አውሮፕላኑም እኛን አልጠበቀም። ይህ ሁሉ ሰው በየወንበሩ ተቀምጦ ምስሩንና ጎመኑን ሲበላ፣ ሌላ ቀን ይሻላል ብዬ ፓስፖርቶቹን መሳቢያ ውስጥ ልመልስ ተነሳሁ። ሰብለ ናት ያስቆመችኝ። “የከሰዓቱን ቼክ አድርገው” አለችኝ። እየተንቦቀቦቅሁ በስልኬ ብፈልግ ሁለት መቀመጫ ተገኘ። ጋሽ መኩሪያ ይህን ሲሰሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሉክሰምበርግ የእህታቸው ልጅ እንዳለች አስታወሱ። በርበሬዋ ትንሽዬ ናት አሉ። ተሸክመናት ሄድን።

ከመውጣታችን በፊት ሰብለ ባርኔጣዋን አስተካክላ፣ ስልኳን ለእትዬ አልጋነሽ ሰጠቻቸው። “ከተደወለ እርስዎ ይስሙት” አለች። “እስክመለስ አይንገሩኝ። ስመለስ ግን እንደ ዛሬው ኑልኝ።” እትዬ አልጋነሽ እንደ ቁልፉ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። እኔም ያኔ ነው እንባዬን በብናኙ ማሳበብ ያልቻልኩት።

ሉክሰምበርግ እንደተባለው ትንሽ ናት። ሰብለ ትራሷ ሥር ስልክ ሳይኖር ተኛች፤ ነግቶ እስክቀሰቅሳት ድረስ አልተገላበጠችም። ያልተኛሁት እኔ ነኝ። ስልኳ ለንደን ቀረ ማለት፣ አንድ ነገር ቢሰማ እትዬ አልጋነሽ የሚደውሉት ለእኔ ነው ማለት ነው፤ የእሷ ጭንቀት ተጠቅልሎ ለእኔ ተላከልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ረጅም ድልድይ ላይ ሆነን ሸለቆውን ስናይ፣ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አልጋነሽ ናቸው።

“ሰብለ አጠገብህ ናት?” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“ራቅ ብላለች” አልኩ። ሰብለ ወደ ድልድዩ መጨረሻ ሄዳ፣ ነፋሱ ባርኔጣዋን እንዳይወስድባት በእጇ ይዛ ቆማለች።

“እንዳትሰማ። አንተ ጠንከር በል።”

“ይንገሩኝ።”

“ጤና አዳሙ ነው። ወንበሮቹን በረንዳ ላይ ደርድረናቸው አንዱ ወደቀበትና ከሥሩ ቀነጠሰው።”

የድልድዩን ብረት ይዤ ቆምኩ። ሰብለ ከሩቅ “ማነው?” አለችኝ። “ከሥራ ነው” አልኳት፤ እሷም ፊቷን ወደ ሸለቆው መለሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኩን ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር።

እርግጥ አልነገርኳትም። እንዲህ ያለ ነገር በሰው አገር ድልድይ ላይ አይነገርም። እሁድ ማታ ቤት ስንገባ ሻንጣውን የበረንዳው በር ላይ አስደግፌ፣ ደክሞኛል ብዬ ተኛሁ። ሰኞ ማለዳ፣ ወደ ሥራ ሳትወጣ፣ ደወሉ ጮኸ። እትዬ አልጋነሽ ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ጋሽ መኩሪያ ከራሳቸው በረንዳ የነቀሉትን ጤና አዳም በትልቅ ጣሳ አቅፈዋል፤ ክራባት አላሰሩም።

ሰብለ እነሱን አየች፣ ጣሳውን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች።

“ደግሞ ማን ሞተ?” አለች እየሳቀች።

እኔ ግድግዳውን ይዤ ነበር።